የይዘንጋሽ ሽፍታ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። መደቡ ላይ ገና ቦታ አለ፤ ብርድ የሚፈራ ወደ ግድግዳው ይሁን፣ ጆሮው የከበደ ወደዚህ ይምጣ። የማወራችሁ የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም፤ አምና በታኅሣሥ፣ እዚሁ መንዝ ላይ የሆነ ነው። ባለቤቶቹም በሕይወት አሉ። አንድ ጊዜ ከተጀመረ የሚያቆም ወሬ ስላልሆነ አሁኑኑ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ።

ባና፣ ያን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሸምን አባይነህ የሚባል ሰው አለ። ከመሐል ሜዳ ወዲህ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ቤቱ። ሚስቱ ይዘንጋሽ የበግ ፀጉር ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። እሷ እንዝርቷን ስታሾር እሱ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሲከራከሩ ይውላሉ። እንደዚያ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ግን በአካባቢው የሉም።

ይዘንጋሽ ስኳር አለባት። መርፌዋን ጧትና ማታ ራሷ ትወጋለች። በሽታው የታወቀ ጊዜ ሐኪሞቹ አባይነህን ለብቻው ጠርተው፣ ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የምትናገረው ከጠፋባት ስኳሯ ወርዷል ማለት ነውና ሳትዘገይ ጣፋጭ ስጣት ብለው አስጠንቅቀውታል። ይህችን ትምህርት እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ያዛት። ሁለት ጊዜም ማር አቅምሶ ከሞት መልሷታል። ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻለው! ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ላይ ስለ ስኳር የሚያነሳ ሰው ከተገኘ አባይነህ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሰውም «ሐኪማችን ሊናገር ነው» እያለ ይቀልድበታል። ልጃቸው መሲ ከደብረ ብርሃን የስኳር መለኪያ ገዝታ ስትልክለት ደግሞ ያቺን ትንሽ ዕቃ ከታቦት ባላነሰ ክብር ሰቅሎ አስቀመጣት።

አባይነህ ጥሩሸዋ የምትባል ታላቅ እህት አለችው። ጎረቤት ናት፤ ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን እምቢ የማይባል ዓይነት ነው። በዚያ ሰሞን ገበያ ወርዳ፣ አብሽ ስኳርን ጠራርጎ ያወርዳል የሚል ወሬ ይዛ ተመለሰች። ይዘንጋሽ አብሽ እንደማይስማማት፣ በጾም አብሽ የገባበት እልበት ስትቀምስ እንኳ ከንፈሯን እንደሚያሳክካት ነገረቻት። ጥሩሸዋ ሳቀችባት። የማያሳክክ መድኃኒት ምን መድኃኒት ነው፣ ማሳከኩ መሥራቱ አይደለም ወይ አለቻት። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሌሊቱን ዘፍዝፋ ያሳደረችውን አብሽ መትታ፣ አረፋው እስኪነሳ ድረስ አቅጥና በትልቅ ጣሳ ይዛላት መጣች። ፊቷ ቆማም አስጠጣቻት።

ይዘንጋሽ የባል ታላቅ እህት ማሳፈር አልወደደችም። ጨለጠችው።

አባይነህ በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ብዙም ሳይቆይ እንዝርት መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማ። ቀና ሲል ይዘንጋሽ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግንባሯ በላብ ተጠምቋል፣ ዓይኗ ይንከራተታል። ዘልሎ ወጣ። «ስኳሯ ወርዷል!» አለ።

ጥሩሸዋ ደነገጠች፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራች። «አላልኩህም? አብሹ ሠራ» አለችው።

አባይነህ የማሩን ቅል አውርዶ በጣቱ እየዛቀ አቀመሳት። የልማዱን አደረገ፤ እንደ ልማዱም እስክትነቃለት ጠበቀ። ቀድሞ ቢሆን ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ትገልጥና «ምን ነካህ፣ አንገቴን ማር በማር አደረግኸኝ» ብላ ትቆጣዋለች። ያን ቁጣ ነበር የሚጠብቀው። ቁጣው አልመጣም። ጨመረላት። እሷም በእጇ ገፋችው፤ ማሩ እጇን አዳረሰው፣ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። አንገቷን ታካለች፣ ደረቷን ታካለች። «ልብሴን አላሉልኝ» ስትል ድምጿ ጎርንኖ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ።

አባይነህ ወደ መለኪያው ሮጠ። ጣቷን ወጋ፣ ደሙን አስነካ፣ ትንፋሹን ውጦ ቁጥሩን አየ። ከአራት መቶ በላይ! ወርዷል ያለው ስኳር ጣሪያ ነክቷል።

«ውይ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «ማሩን ደፋሁባት።»

ጥሩሸዋ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ መርፌዋን ውጋት አለችው። እውነት መሰለው። መድኃኒቱ የሚቀመጥባትን ቀዝቃዛ ማሰሮ ከፈተ፣ መርፌውን ሞላ፣ ክንዷን ሊይዝ ተጠጋ። እጇን ሲያነሳ ግን ከጣቷ ጫፍ እስከ እጅጌው ድረስ አንድ ቀጭን ክር ተከተለው። ሸማኔ አይደል? ክር አያመልጠውም። አየው። የማር ክር ነበር።

እዚያው ደርቆ ቀረ። ያ መለኪያ የለካው የማንን ስኳር ነው? የይዘንጋሽን ነው ወይስ የንቦቹን?

መርፌውን ወዲያ አስቀምጦ ውኃ አምጪ አላት እህቱን። የይዘንጋሽን እጅ አጠበ፣ በንጹሕ ነጠላ አደረቀ፣ ሌላ ጣት ወጋ። መለኪያው እስኪናገር ድረስ ዘመን የሞላ መሰለው። መቶ ሠላሳ።

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ መደነቅና እንዲህ ያለ ድንጋጤ አንድ ላይ መጥቶበት አያውቅም። ስኳሯ አልወረደም። ስኳሯ አልወጣም። በቦታው ነው! ጤነኛ ሰው እንኳ ማር ልሶ የሚኖረው ስኳር ነው። መርፌውን ወግቷት ቢሆን ኖሮ በገዛ እጁ ወደ ጉድጓድ ባወረዳት ነበር። ታዲያ ስኳሩ ደኅና ከሆነ፣ ሚስቱን ዓይኑ እያየ የሚወስዳት ምንድን ነው?

ያን ጊዜ መለኪያውን ማየት ትቶ እሷን አየ። ከንፈሯ አብጦ ተገልብጧል። የዓይኗ ቆብ ተነፍቷል። አንገቷና ክንዷ ሳማ የለበለባት ይመስል በቀይ እብጠት ተሸፍኗል፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይወጣል። ትንፋሿ ሲገባ ሲር ሲር ይላል። አባይነህ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በስኳር ዓይን ብቻ ነበር ያያት፤ ስኳር የሌለበት ሰው ቢሆን ኖሮ ከንፈሩ ማበጡን መንገደኛ እንኳ ያየው ነበር።

ስልኩን ይዞ ወጣ። በዚያ ደጅ ኔትወርክ የሚገኘው ካቡ ላይ ሲወጡ ነው። ካቡ ላይ ወጣና ከወንዙ ማዶ የገብስ ውቂያ ደቦ ለጠራው ለአስፋው ደወለ። ነፋሱ ያፏጫል፣ ማዶ በሬዎቹን የሚነዱት ይዘፍናሉ። አባይነህ በሙሉ አቅሙ፣ «አስፋው፣ ድረሱልኝ! ይዘንጋሽ ላይ ሽፍታ ወጣባት! ልትሞትብኝ ነው!» አለ። ስልኩ ተቋረጠ።

መልሶ ደወለ፤ አይሠራም። ከካቡ ላይ ሳይወርድ ግን ማዶ ዘፈኑ ቀጥ ሲል ሰማ። ወዲያው እሪታ ተነሣ። አንዱ ለአንዱ እየተቀባበለ፣ ከአውድማው ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ መንደሩ፣ «ሽፍታ! አባይነህ ቤት ሽፍታ ገባ!» እየተባለ ቁልቁል ወረደ። አባይነህ የሚሉት አልተሰማውም፤ ሰው መምጣቱን ብቻ አይቶ እግዚአብሔር ይስጣቸው ብሎ ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

የመጡትንማ ባያችሁ። አንዱ መንሽ ይዟል፣ አንዱ ምሳር፣ አንዱ የበሬ ቀንበር ነቅሎ ተሸክሟል። ገለባው ፀጉራቸው ላይ፣ ጭዱ ቅንድባቸው ላይ እንዳለ ነው። ወንዙን እንዴት እንደተሻገሩት እነሱም አያውቁት። አስፋው ከፊት ነው፤ በሩ ላይ ደርሶ መንሹን አነጣጠረና እያለከለከ ጠየቀ።

«በየት በኩል ሄደ?»

አባይነህ የሚስቱን ራስ ደግፎ ይዟል። «ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ሆዷ እየወረደ ነው» አለው።

አስፋው ዓይኑን አፈጠጠ። «ስንት ናቸው?»

«ማን ይቆጥራቸዋል ወንድሜ፤ መላ ሰውነቷን ወርሰዋታል።»

«ምን... ምን ለብሰዋል?»

ያን ጊዜ ጥሩሸዋ ከጥግ ሆና፣ «አንተ ደንቆሮ፣ የገላ ሽፍታ ነው!» ብላ ጮኸችበት።

መንሹ ከአስፋው እጅ ወደቀ። ኋላ ላይ ሰው ሁሉ በዚህ ነገር ሆዱን ይዞ ስቋል፤ አሁንም ድረስ አስፋው ጠላ ቤት ሲገባ ምን ለብሰዋል ይሉታል። ያን ሰዓት ግን የሳቀ የለም፤ ይዘንጋሽን ያየ ሳቅ አልመጣለትም። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አባይነህ በስልክ ሚስቴን አሳከካት ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ሰው መጥቶ አይዞህ ይለው ነበር። ሽፍታ ቢል ግን ደቦው በሙሉ ነቅሎ መጣለት። መሸከሚያ ትከሻ ሞላ!

ሁለት መንሽ አጋድመው የአልጋውን ባና ወጠሩበት፤ ቃሬዛ ሆነ። ምንይሉ የተባለው ሞተረኛ በመጨረሻ ደርሶ ነበርና ሞተሩን ሳያጠፋ አዞሩት። ጤና ጣቢያ ያለችውን ጤና መኮንን ምሥራቅን ይዘሃት ና፣ የምትይዘውን መድኃኒት ይዛ ትምጣ፣ እኛ ይዘናት በመኪናው መንገድ እንመጣለን አሉት። ምንይሉ አቧራውን እያስነሳ ጠፋ።

ተሸካሚዎቹ አልሄዱም፤ ሮጡ። አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ከጎን ይሮጣሉ፤ «ተቀበል» ሲባል ሳይቆሙ ትከሻ ይለዋወጣሉ። ዳገቱን በእግር ጣት ወጡት፣ ቁልቁለቱን በተረከዝ ወረዱት። ከጓሳ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ዓይን ያስለቅሳል። አባይነህ ከጎኗ እጇን ይዞ ይሮጣል፤ ቢታጠብም ማሩ ጨርሶ አልለቀቀ ኖሮ ሁለቱ መዳፎች ተጣብቀዋል። በየመካከሉ ትንፋሿን ያዳምጣል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። መቅጠኑ ደስ አላሰኘውም። ክር ሲቀጥን ምን እንደሚሆን ያውቃላ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ከፊት ለፊት የሞተር ድምፅ ተሰማ። ተሸካሚው ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጡ!» አለ። ምሥራቅ ሞተሩ ሳይቆም ወረደች፤ ነጭ ጋወኗ በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ቃሬዛውን መሬት ላይ አሳርፉ፣ እግሯን ከፍ አድርጋችሁ ያዙልኝ አለች። ከንፈሯን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ የደም ሥሯን ዳሰሰች፤ ምን እንደበላች ጠየቀች። ጥሩሸዋ ከሕዝቡ ኋላ ሆና «አብሽ» አለች፤ ሰማይ ቢደፋባት ከዚያ አይብስባትም። ስኳሯስ? አለች ምሥራቅ። አባይነህ በማር እጅ የለካውን፣ ታጥቦ የለካውን ነገራት። ደግ አደረጉ፣ የታጠበው ነው ትክክሉ፣ ይሄ ስኳር አይደለም፣ ሰውነቷ አብሹን ጠልቶ የተነሣባት የአለርጂ ቁጣ ነው፤ ጉሮሮዋን እየዘጋው ነው አለችው። እያወራች እጇ አልቆመም፤ አድሬናሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ ሳበች።

እዚህ ላይ አባይነህ የምሥራቅን እጅ ያዘ። ክፋት አይደለም። ከዚህ ቀደም ለይዘንጋሽ ለሳል ተብሎ የተሰጣት መድኃኒት ስኳሯን አውጥቶት ሆስፒታል አስተኝቷታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መርፌ ሲመጣ ይህን ሳይጠይቅ አያሳልፍም።

«ይህ መርፌ ስኳሯን ያወጣዋል?»

ምሥራቅ አልዋሸችውም።

«ያወጣዋል፣ ጋሼ» አለችው። «ስኳር ቢወጣ እኔና እርስዎ ሆነን እናወርደዋለን። ነፍስ ከወጣች ግን ማን ያወርዳታል?»

አባይነህ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ስኳር ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ እጇን ለቀቀ። እንዲያውም የሚስቱን ቀሚስ ራሱ ገለብ አድርጎ ጭኗን አሳያት። ምሥራቅ ወጋች።

ጠበቁ። ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው፣ አንድ ወፍ ሲያልፍ፣ የተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ሲወጣ ሲገባ ይሰማል። ይዘንጋሽ ትንሽ የቀለላት መሰለች፤ ከንፈሯ ግን እንደ ጠቆረ ነው። ምሥራቅ ሰዓቷን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ድጋሚ ሳበች። አሁን አባይነህ አልጠየቀም። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ነው እንግዲህ፣ ያ የቀጠነው ትንፋሽ እንደ ታነቀ ምንጭ ፍርጥ ብሎ የወጣው። ረጅም አየር ሳበች። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከንፈሯ ቀለም ያዘ። አስፋው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ፤ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ይዘንጋሽ ዓይኗን ገለጠች። በዙሪያዋ መንሽና ምሳር የያዘ ሕዝብ ቆሟል። ግራ ተጋባች። መጀመሪያ ያየችው ግን ጥሩሸዋን ነበር፤ ጥሩሸዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ታለቅሳለች።

«እትዬ» አለቻት በዚያ በሻከረ ድምፅ። «የተረፈውን አብሽ እርስዎ ይጠጡልኝ። እኔ ድኛለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሳቁ የፈነዳው። የሚያለቅሰውም የሚስቀውም አንድ ላይ ሆነ። ጥሩሸዋ ሣሩ ላይ ተደፍታ እግሯን ሳመች፤ ይዘንጋሽም ይተው እትዬ፣ ያሳክኩኛል ብላ ጨመረችላት።

ወደ ጤና ጣቢያው ወስደው አስተኟት። ምሥራቅ፣ ይህ ነገር ሄደ ሲሉት ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ ዛሬ ዓይኔ ሥር ታድራለች አለች። እንደተናገረችውም ስኳሩ ማምሻውን ወጣ፤ ሦስት መቶ አለፈ። መርፌው አለ፣ ድንጋጤው አለ፣ ማሩ አለ፤ ሁሉም ስኳር የሚያወጡ ናቸው። አባይነህ ቁጥሩን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ምሥራቅ ግን አልደነገጠችም። በመጠን በመጠን መድኃኒቱን ሰጠቻት፤ ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ጧት ላይ ልኩ ገባ። አባይነህ ሌሊቱን ያዘነውን ያህል ጧት ደስ አለው። ለካስ ስኳር ይወጣል፣ ስኳር ይወርዳል። የወጣ ሁሉ እንደዚያ ቢመለስ ምናለ!

ከመውጣታቸው በፊት ምሥራቅ ሁለቱን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ስኳር ያለበት ሰው ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ስኳሩ ነው ይላል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ የአለርጂ ቁጣም ግን ያስልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያስታል። ስለዚህ መለኪያ ካለ እጅን አጥቦ መለካት፣ ገላውን ገልጦ ማየት፤ ከንፈር ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ በስኳር ምክንያት ያን የአድሬናሊን መርፌ መፍራት አይገባም አለች። መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ጣፋጩን ማቅመሱ ክፋት የለውም፤ እያቀመሱ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አብሽ ደግሞ ለይዘንጋሽ እስከ ዕድሜ ልኳ እርም ሆነ፤ ዱቄቱ የነካው ወጥ እንኳ።

ጥሩሸዋ ለብዙ ቀን ከቤቷ አልወጣችም። ሰው ዓይን ማየት አቃታት። በኋላ ይዘንጋሽ ራሷ እንዝርቷን ይዛ ሄደችና ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ስለ አብሹ አንድም ቃል አላነሳችም። ፀጉሩ በዝቶብኛል፣ አብረን እንፍተል አለቻት። ጥሩሸዋ በሩን ከፈተች። ሁለቱ ሴቶች እስኪመሽ ፈተሉ።

ልጆቼ፣ ተነሡ እንግዲህ፤ ነገ ጧት ሥራ አለባችሁ። ብቻ ስትሄዱ ይህችን ይዛችሁልኝ ሂዱ። በየቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው አይጠፋም፤ እናት ትሆናለች፣ አጎት ይሆናል። አንድ ቀን ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ ስኳሩን አስታውሱለት፤ ስኳሩን ብቻ ግን አትዩት። እጁን እጠቡለት፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከንፈሩን እዩለት። አደራ፣ እንዳትረሱት።